የዋልካ መሬት እርጥበትን በሳተላይት ራዳር መለካት፦ ለመንገድ ሥራ፣ ከፎገራ ሜዳ ምሳሌ ጋር

ዋልካ ላይ መንገድ የሚሠራ ሰው ስለ እርጥበት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው የዕቅድ ነው፦ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ውሃ የሚተኛው የቱ ጋ ነው? ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ግሬደር የሚሸከመው ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው? ሁለተኛው የሮለሩ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ጠዋት የተበተነው ሙሌት ኦፕቲመም እርጥበቱ (በደንብ የሚጠቀጠቅበት የውሃ መጠን) ላይ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ሳተላይት ለመጀመሪያው ጥሩ መልስ አለው፤ ለሁለተኛው የለውም። ስሌቱ ቀላል ነው። ኮምፓክሽን (ጥቅጠቃ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ልዩነት ከኦፕቲመሙ በክብደት 2% ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። ደረቅ ዴንሲቲው (የአንድ ሴ.ሜ³ ደረቅ አፈር ክብደት) 1.5 ግራም ከሆነ ይህ በይዘት (ከአፈሩ ጠቅላላ መጠን አንጻር) ሲቀየር 3% ገደማ ይሆናል። በራዳር የሚገመተው የአፈር እርጥበት ግን፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሳለ እንኳ፣ በይዘት ከ5% እስከ 8% ይስታል። በዚያ ላይ ራዳሩ የሚያየው የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ከዚያም ያንሳል። ሮለሩ የሚጠቀጥቀው ንብርብር ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ስለዚህ የሳተላይት ካርታ ይዞ ሙሌት የሚያጸድቅ ተቆጣጣሪ ቢያጋጥማችሁ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወደ ላብራቶሪ ላኩት።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ምሳሌው ከጣና በስተምሥራቅ፣ በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ መሬት ነው። በበቾ ሜዳም ሆነ በሌላ የደጋ ዋልካ ላይ አካሄዱ አይለይም።

የትኛው ሳተላይት?

ዋናው መሣሪያ ሴንቲኔል-1 ነው። ራዳር ስለሆነ የሐምሌ ደመና አይጋርደውም፣ መረጃው ነፃ ነው፣ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፣ ማኅደሩም ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይጀምራል። አንድ ሳተላይት በየ12 ቀኑ ተመልሶ ያንኑ ቦታ ያነሳል። ሁለተኛዋ ሴንቲኔል-1ቢ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ስለተበላሸች፣ ምትኳ ሴንቲኔል-1ሲ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. እስክትመጥቅ ድረስ ያለው መረጃ ሳሳ ይላል።

የናሳው ሳተላይት ስማፕ በተፈጥሮው የተሻለ የእርጥበት መለኪያ ነው፤ ረጅም ሞገድ ይጠቀማል። ነገር ግን ራዳሩ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ስለተበላሸ የቀረው 36 ኪሎ ሜትር፣ በማሻሻያ 9 ኪሎ ሜትር የሆነ ፒክስል ነው። በአንድ ፒክስል ውስጥ ሜዳውም ተራራውም ስለሚገቡ ለመንገድ ቦታ መምረጫ አይሆንም። ይህ ክረምት ካለፉት ይልቅ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ የሚለውን ለመፍረድ ግን ይጠቅማል። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ኒሳር 24 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ያለው ራዳር ስለያዘ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ የረጅም ዓመት ማኅደር ግን ገና የለውም።

ስሌቱን በጉግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት መረጃን በኢንተርኔት የሚያሰላ አገልግሎት) መሥራት ይቀላል። ነፃ የሆነው ለምርምርና ለትርፍ ላልሆነ ሥራ ነው፤ የኮንትራክተርም ሆነ የአማካሪ ሥራ ከሆነ የክፍያ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ያለዚያ ስናፕ እና ኪውጂአይኤስ የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፣ ግን ጠንካራ ኮምፒውተርና ብዙ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

1. መጀመሪያ የመንገዱን መስመር በትክክለኛ ቦታው አስቀምጡ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ራዳሩ ላይ ሳይደረስ እዚህ ነው። በአገራችን የቆዩ የመንገድ ንድፎችና ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) የተሠሩ ናቸው። የሳተላይት መረጃ ግን በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይቀየር ከተጫነ መስመሩ 200 ሜትር አካባቢ ይሸሻል። በፎገራ ሜዳ 200 ሜትር ማለት ከግጦሽ መሬት ወጥቶ ሩዝ ማሳ ውስጥ መግባት ነው። ቀያሹን ዳተሙን ጠይቁት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 በደብሊውጂኤስ 84 ቀይሩት፣ ከዚያም አንድ ድልድይና አንድ መጋጠሚያ በሳተላይት ፎቶ ላይ መግጠማቸውን በዓይን አረጋግጡ።

ቀጥሎ በመስመሩ ግራና ቀኝ በየ500 ሜትሩ 100 በ100 ሜትር የሆነ ሳጥን ሥሩ። ሳጥኑ ከመሀል መስመሩ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። ነባር መንገድ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ የባሕር ዛፍ ጥሻ ውስጡ ከገባ አንቀሳቅሱት። ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻውን የሳጥኑን አማካይ ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ሳጥን ውስጥ 100 ፒክስል መኖሩ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ የራዳር ምስል በባሕርዩ በነጠብጣብ ጫጫታ የተሞላ ስለሆነ የአንድ ፒክስል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ምርጫ ካላችሁ ሳጥኑን በጋራ ግጦሽ ላይ አድርጉት። ለምን እንደሆነ ከታች ግልጽ ይሆናል።

2. የዓመታቱን ተከታታይ አውጡ

ጂአርዲ የተባለውን የሴንቲኔል-1 ምስሎች ስብስብ ክፈቱ፤ አይደብሊው የተባለውን የማንሻ ሁነታ፣ ቪቪ እና ቪኤች የተባሉትን ሁለት የራዳር ምልክቶች ምረጡ። በኧርዝ ኢንጂን ስብስቡ በሁለት መልክ ይገኛል። በዲሲቤል (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) የተቀመጠውን ሳይሆን «ፍሎት» የሚለውን ውሰዱ፦ አማካይ የሚሰላው በጥሬው ቁጥር ላይ ነው፣ ወደ ዲሲቤል የሚቀየረው ከዚያ በኋላ። ዲሲቤልን በቀጥታ ማማከል ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል።

ሁሉም ምስል ከአንድ የምሕዋር ቁጥር ይሁን። አንዱ ምሕዋር መሬቱን በ32 ዲግሪ፣ ሌላው በ43 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሊያይ ይችላል። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ እርጥበት ያልሆነ መዝለል በየሳምንቱ ታያላችሁ። ጠዋት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደውን ምሕዋር ብትመርጡ ይመረጣል፤ ጤዛ ያለበት ጠዋት ቅጠሉን ስለሚያረጥበው ግን ከሰብል ማሳ ላይ ተጠንቀቁ።

ሰዓቱና ቀኑ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የምስሉ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው፤ የሳይት መዝገቡ ደግሞ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን። ከዩቲሲው ላይ 3 ብትቀንሱ የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ፦ ዩቲሲ 3 ሰዓት ለእኛ ከጠዋቱ 12፣ ዩቲሲ 15 ሰዓት ከምሽቱ 12 ነው። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ከሰዓት በኋላ የዘነበ ዝናብ ጠዋት ላይ ታይቷል ተብሎ ሲመዘገብ ሙሉ የማስተካከያ ሥራ ይበላሻል።

3. እርጥበት ያልሆነውን አውጡ

የራዳሩ ምላሽ ከፍ የሚለው በእርጥበት ብቻ አይደለም። ማሳው በማረሻ ሲገለበጥ ገጹ ስለሚጎረብጥ ምላሹ በጥቂት ዲሲቤል ይነሳል፤ ጥሩ ዝናብ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከምልክቱ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የማይታረስ የግጦሽ መሬት የተመረጠው ለዚህ ነው። ጎረቤት ማሳ ብቻውን ተነስቶ ግጦሹ ካልተነሳ እርሻ ነው፤ ሁሉም አብሮ ከተነሳ ዝናብ ነው። ቺርፕስ የተባለውን የዝናብ መረጃ ከጎን አስቀምጣችሁ ደግማችሁ አረጋግጡ።

ሩዝ ከሁሉም የከፋው ነው። ማሳው ውሃ ሲቋጥር ገጹ እንደ መስታወት ይሆንና ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ቪቪ ከ−15 እስከ −18 ዲሲቤል ይወርዳል። ማለትም በጣም የረጠበው መሬት በጣም የደረቀ መስሎ ይታያል። ሩዙ ከውሃው በላይ ሲያድግ ደግሞ ምልክቱ ከግንዱና ከውሃው ተጋጭቶ እየተመለሰ ይነሳል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የሩዝ ሳጥኖችን ለእርጥበት አትጠቀሙ። ያን የውሃ ምልክት ግን አትጣሉት፤ ለብቻው የጎርፍ ካርታ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ለካልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ ማሳለፊያ) ቦታ ከእርጥበቱ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ነፋስ ያለበት ቀን ውሃው ስለሚሞገድ ቪቪ ያሳስታል፤ በዚያ ቀን ቪኤችን እዩ።

ለሌላው ሰብል ራዳር ሳይሆን ፎቶ ከሚያነሳው ሴንቲኔል-2 ኤንዲቪአይን (የአረንጓዴ ቅጠል መጠን አመልካች) አስሉና ከ0.5 በላይ የሆነውን ቀን ሰርዙ። በክረምት ደመናው ሴንቲኔል-2ን ስለሚያሳውረው ክፍተቱን የቪኤችና የቪቪ ልዩነት ይሙላው፤ ቅጠል ሲበዛ ልዩነቱ ይጠብባል። «የእርጥበት ኢንዴክስ» ተብሎ ከኦፕቲካል ምስል የሚሰላውን ለአፈር አትውሰዱት፤ የሚለካው የቅጠሉን ውሃ ነው።

ሁለት ቦታዎች ላይ ዘዴው ራሱ ይከዳል። እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ገደል ውስጥ ተዳፋቱ ምልክቱን ስለሚያጣምመው የጎሐ ጽዮን–ደጀንን ዓይነት መስመር በዚህ አትሞክሩት። እንደ አፋር ባለ እጅግ ደረቅ አሸዋማ መሬት ደግሞ ሞገዱ ወደ ታች ዘልቆ ከጠጠር ላይ ስለሚመለስ ደረቁ እርጥብ ሊመስል ይችላል።

4. ከዲሲቤል ወደ መቶኛ

ለእያንዳንዱ ሳጥን ቢያንስ የ5 ዓመት ተከታታይ ያዙ። ከታች 5% የሆነውን «ደረቅ ጫፍ»፣ ከላይ 95% የሆነውን «እርጥብ ጫፍ» በሉት፤ ፍጹም ዝቅተኛውንና ፍጹም ከፍተኛውን አትውሰዱ፣ አንድ የተሳሳተ ምስል ሚዛኑን ሁሉ ያዛባዋል። ከዚያ ከዛሬው ላይ ደረቁን ጫፍ ቀንሱና በሁለቱ ጫፎች ልዩነት አካፍሉ።

ለምሳሌ ደረቅ ጫፍ −14.2፣ እርጥብ ጫፍ −7.8፣ የዛሬው −10.1 ቢሆን፦ 4.1 ሲካፈል ለ6.4፣ ማለትም 64%። ይህ የውሃ መጠን አይደለም፤ ያ ሳጥን ከራሱ ደረቅና እርጥብ አንጻር ያለበት ቦታ ነው።

አሁን ያለው ቁጥር የገጹ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ የዋልካው ገጽ ነጭ ሆኖ ደርቆ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ገና እንደ ሊጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ታች ለመገመት ቀላል ማጣሪያ አለ። ምስሎቹ በየ12 ቀኑ ከሆኑና የመዘግየት ጊዜውን (የገጹ ለውጥ ወደ ታች እስኪደርስ) 20 ቀን ብትይዙ፣ አዲሱ የጥልቀት ቁጥር የቀድሞው ላይ የአዲሱ ገጽና የቀድሞው ልዩነት በ0.45 ተባዝቶ ሲደመር ይገኛል። የቀድሞው 80፣ የዛሬው ገጽ 40 ከሆነ፦ ልዩነቱ −40፣ በ0.45 ሲባዛ −18፣ ስለዚህ ጥልቀቱ 62 ነው። ገጹ በግማሽ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን ገና ነው። ለከባድ ዋልካ 20 ቀን ሊያንስ ይችላል፤ ቁፋሮው የሚነግራችሁን አይታችሁ አርዝሙት።

5. መሬት ላይ ውረዱ

ይህ ካልተሠራ ከላይ ያለው ሁሉ ባለቀለም ሥዕል ነው። ሳተላይቱ የሚያልፍበትን ቀን አውቃችሁ፣ ካለፈ በ3 ሰዓት ውስጥ ናሙና ውሰዱ። ከእርጥቡ፣ ከመካከለኛውና ከደረቁ ቢያንስ 6 ሳጥን ይኑር፤ በእያንዳንዱም ከ5 እስከ 9 ነጥብ። በየነጥቡ 100 ሴ.ሜ³ የሆነ የብረት ቀለበት ገጹ ላይ ምቱ። ከእነዚህ በሁለቱ ላይ ደግሞ በእጅ ኦገር (መሰርሰሪያ) ከ15፣ ከ30፣ ከ60 እና ከ100 ሴንቲ ሜትር ናሙና አውጡ። ስንጥቅ ላይ ቀለበት አትምቱ፤ አየር ትለካላችሁ።

ናሙናው ወዲያው በድርብ ፕላስቲክ ይታሰር፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ፒክአፕ ላይ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ የመታው ናሙና ላብራቶሪ ሲደርስ ሌላ አፈር ሆኗል። ኦቨኑ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ፣ ጊዜው 24 ሰዓት ነው፤ ዋልካ በ12 ሰዓት ክብደቱ አይረጋም።

አንድ ናሙና እስከ መጨረሻው እንከተል። ጣሳው 32.4 ግራም፣ ከእርጥብ አፈሩ ጋር 198.7፣ ከደረቁ ጋር 156.1። ውሃው 42.6 ግራም፣ ደረቁ አፈር 123.7 ግራም ነው። በክብደት 34.4% ይሆናል። ቀለበቱ 100 ሴ.ሜ³ ስለሆነ ደረቅ ዴንሲቲው 1.237፣ በይዘት እርጥበቱ 42.6% ነው። ላብራቶሪው የሚጽፈው 34.4ን ነው፣ ሳተላይቱ የሚያውቀው 42.6ን። ዴንሲቲውን ሳይለኩ ሁለቱን ማወዳደር በጣም የተለመደው ስህተት ነው።

ሜዳ ላይ በፍጥነት በስፒዲ (አፈሩን ከካርባይድ ጋር ቀላቅሎ በሚወጣው ጋዝ እርጥበት የሚለካ ዕቃ) ለመለካት ካሰባችሁ ሁለት ነገር አስታውሱ። የዕቃው መርፌ የሚያሳየው ከእርጥቡ ክብደት አንጻር ነው፤ 20 ሲያሳይ ትክክለኛው 20 ሲካፈል ለ80፣ 25% ነው። የዋልካ ጓል ካልተፈረከሰ ካርባይዱ ውስጡ አይደርስም፤ ንባቡም ያንሳል። የብረት ኳሶቹን ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት። ቲዲአርም (አፈር ውስጥ የሚሰካ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ቢሆን ዋልካ ላይ የፋብሪካው ቀመር ስለሚስት ከኦቨን ጋር አስተካክሉት።

በመጨረሻ የሳጥኖቹን መቶኛ በአንድ ዘንግ፣ የይዘት እርጥበቱን በሌላው አድርጋችሁ መስመር ሳቡ። ከሳጥኖቹ ሁለቱን ከመስመሩ ውጭ አስቀሩና በእነርሱ ፈትኑት። ከ8% በላይ ከሳተ መስመሩን አታስተካክሉ፤ መጀመሪያ ዳተሙን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያም ሳጥኑ ታርሶ እንደሆነ ፈትሹ።

6. ቁጥሩን ወደ ንድፍና ወደ ሥራ ፕሮግራም

የሰብግሬድ (መንገዱ የሚያርፍበት መሬት) እርጥበትን የሚወስነው የከርሰ ምድር ውሃው ቅርበት ነው። ለሞቃት አገሮች የተዘጋጁ የንድፍ መመሪያዎች ውሃው ሰብግሬዱን ይቆጣጠራል የሚሉት ፕላስቲክ ባልሆነ (እንደ ሊጥ በማይለወስ) አፈር 1 ሜትር፣ በአሸዋማ ሸክላ 3 ሜትር፣ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከ40 በላይ በሆነ ከባድ ሸክላ ደግሞ እስከ 7 ሜትር ጥልቀት ሲገኝ ነው። ሳተላይት 7 ሜትር አያይም። የሚጠቁማችሁ ነገር ግን አለ፦ በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደርቆ ሳለ ቁጥሩ ያልወረደ ሳጥን ከሥሩ ውሃ አለው፤ ቴስት ፒቱ (የመመርመሪያ ጉድጓዱ) እዚያ ይቆፈር። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ እዩት። ፎገራ ላይ በበጋ በፓምፕ የሚጠጣ የሽንኩርት ማሳ ያንኑ ምልክት ይሰጣል። ጓያና ሽምብራ ያለ መስኖ ለምልሞ ከተገኘ ደግሞ አርሶ አደሩ ከታች የቀረ እርጥበት መኖሩን ከእናንተ በፊት አውቆታል።

በየ500 ሜትሩ በእኩል የሚቆፈር ቴስት ፒት ከዚህ በኋላ ትርጉም ያንሰዋል። ቁጥሩን ሳትቀንሱ እርጥቡ ላይ አጥብቁት፣ ደረቁ ላይ አራርቁት። እርጥቡ ላይ ሲቢአሩ (የአፈሩ የመሸከም አቅም ፈተና) ለ4 ቀን ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ።

ነባር መንገድ የሚሻሻል ከሆነ የግራና የቀኝ ሳጥኖችን ልዩነት እዩ። በ12+500 (ከመነሻው 12 ኪሎ ሜትር ከ500 ሜትር) ላይ ግራው በሦስት ክረምት በተከታታይ ከቀኙ በ20 ነጥብ ከበለጠ፣ ወይ ካልቨርቱ ተደፍኗል ወይ ከጅምሩ አልነበረም። የጎርፍ ካርታውም እዚያው ላይ ከገጠመ የውሃ ንድፉን ለሚሠራው ሰው ቀን ያለበትን ምስል ስጡት፤ ከብዙ ደብዳቤ ይሻላል።

የሥራ ወቅቱ ደግሞ እንዲህ ይወሰናል። ኦገሩ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያገኘው እርጥበት ከፕላስቲክ ሊሚቱ (አፈሩ እንደ ሊጥ መለወስ የሚያቆምበት እርጥበት) በታች የወረደበትን የጥልቀት ቁጥር ለዩ፤ ለምሳሌ 55 ይሁን። ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ እያያችሁ ቁጥሩ ከ55 በታች የወረደበትን ቀን መዝግቡ። ከ10 ዓመት በ8ቱ የደረቀበት ቀን የፕሮግራማችሁ መነሻ ነው። አማካዩን አትውሰዱ፤ በአማካይ የታቀደ ሥራ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ጭቃ ውስጥ ማሽን ያቆማል።

በበጋ ችግሩ ይገለበጣል፤ የሴሌክት ማቴሪያሉ (ለመንገዱ ተመርጦ የሚመጣው አፈር) ቦታ ስለሚደርቅ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። 100 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋት፣ 15 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ንብርብር 105 ሜትር ኩብ ነው። ዴንሲቲው 1.7 ከሆነ 178.5 ቶን። ማቴሪያሉ 8%፣ ኦፕቲመሙ 13% ከሆነ 5% ይጎድላል፦ 8,925 ሊትር። ለትነት 1% ሲጨመር 10,700 ሊትር ገደማ፣ በየ100 ሜትሩ። 8%ን ከኦቨን ውሰዱት። የሳተላይቱ ድርሻ ይህ ፍላጎት በየትኛው ወር ከፍ እንደሚል ቀድሞ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛውን የውሃ ቦቴ ከጥር በፊት ለመከራየት የሚያስችላችሁ እርሱ ነው።